ማስረሻ አልላትም

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ወይዘሮ አንጓች ከሞጣ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ከገቡ ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም፤ ምራታቸው ስመኝ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ የስድስት ዓመቷ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች።

አንጓች፦ ሦስቴ ጠራኋት እኮ! ሦስቴ! ገና ዘንቢሌን ሳላወርድ «ማስረሻ፣ ማስረሻዬ» አልኩ። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ስመኝ፦ ጨዋታ ይዟት ነው፣ እማማ።

አንጓች፦ ጨዋታ! ጎረቤትሽ ብቅ ብላ «ማሲ!» ስትላት ግን እየበረረች መጣች። «አያትሽ መጥተዋል» ብላ ያስተዋወቀችን ጎረቤትሽ ናት። በገዛ ልጄ ቤት!

ስመኝ፦ ይቀመጡ እስቲ። ከሞጣ ድረስ ተንገላተው መጥተው ቆመው አይጣሉኝ።

አንጓች፦ ቆሜም ተቀምጬም እጣላሻለሁ። ማሲ ምንድን ነው? ማሲንቆ ልትሉ ጀምራችሁ ሳል አቋረጣችሁ?

ስመኝ፦ ማቆላመጫ ነው።

አንጓች፦ ማቆላመጫ እኔ አላውቅም? ማስረሻዬ በያት፣ የኔ ዓለም በያት፣ ሙሽራዬ በያት። ስም ቆርጦ መጣል ማቆላመጥ አይደለም።

ስመኝ፦ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራው። ቤቲ አለች፣ ናቲ አለ።

አንጓች፦ እና ማስረሻ የገጠር ስም ሆነባችሁ። ከተማ ገብታችሁ አፈራችሁበት።

ስመኝ፦ ስመኝ የምባል ሴት በየትኛው የገጠር ስም አፍራለሁ?

አንጓች፦ የክርስትና ስሟን ቄሱ አወጡ። የዓለም ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሰማንያ ቀኗ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ዘመድ አዝማድ ባለበት። ያኔ አፍ አልነበረሽም?

ስመኝ፦ ያኔ ማን ጠየቀኝ?

አንጓች፦ ውበቱ እሺ ብሏል።

ስመኝ፦ ልጅዎ እርስዎ ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል። እኔንም ያገባኝ እሺ ብሎ ነው።

አንጓች፦ አትሳቂብኝ! በይ ስሚ። ሰኞ አንደኛ ክፍል ልታስመዘግቢያት አይደል? አብሬሽ እሄዳለሁ። አስተማሪዋን «የልጅቱ ስም ማስረሻ ነው፣ ሌላ እንዳትጠሪያት» እላታለሁ።

ስመኝ፦ እኔ ደግሞ «ማሲ በያት» እላታለሁ።

አንጓች፦ በፊቴ?

ስመኝ፦ በፊትዎ።

አንጓች፦ እንዲያ ካደረግሽ ይህ ግቢ ሁለተኛ እግሬን አያየውም።

ስመኝ፦ እግርዎ ይምጣ፣ እኔው አጥበዋለሁ። በዚህ ግን አልሸነፍልዎትም።

አንጓች፦ የልደት ወረቀቷስ?

ስመኝ፦ ወረቀቱ ላይ ይኑር። አላስቀይረውም፣ እርስዎን ማዋረድ አልፈልግም። ከአፌ ግን አይወጣም።

አንጓች፦ ከአፌ አይወጣም? ቆይ እስቲ። አንቺ ይህቺን ልጅ አንድ ቀን በስሟ ጠርተሻት ታውቂያለሽ? አራስ ቤት «ሕፃኗ» ነበር የምትያት። መሄድ ስትጀምር «ልጅቱ» ሆነች። ከዚያ ማሲ መጣ። የሰፈር ልጅ አይደለም ያወጣው፣ አንቺ ነሽ!

ስመኝ፦ እኔ ነኝ።

አንጓች፦ አሁን ጥሪያት። እዚሁ፣ እየሰማሁ።

ስመኝ፦ አልጠራም።

አንጓች፦ ጥሪያት ብያለሁ፣ ስመኝ!

ስመኝ፦ አልጠራም አልኩዎት! ቢቆጡም አልጠራም፣ ቢረግሙኝም አልጠራም!

አንጓች፦ ምን አደረግሁሽ? ምን ክፉ ስም አወጣሁ? ልጅ የሞተባት ሴት ሌላ ስትወልድ ማስረሻ ይባላል፣ ካሳ ይባላል፣ ምትኩ ይባላል። የአገር ወግ ነው። ያቺ ልጅ ከሄደች በኋላ እኮ...

ስመኝ፦ ያቺ ልጅ ስም አላት።

አንጓች፦ ተይው። አታንሺው።

ስመኝ፦ ፀዳለ ነው ስሟ። ይኸው፣ አነሳሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ስንጠራው የኖርነውን ስም፣ እሷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት አንድ ሰው አላነሳውም። ሰባት ዓመት!

አንጓች፦ ለአንቺ ብለን ነው።

ስመኝ፦ ቀብሯ እንዳልሄድ እርስዎ በሩን ይዘው ቆሙ። «ለሕፃን አይለቀስም፣ መልአክ ናት» ብለው አፌን ያዙ። ሦስት ቀን ሳይሞላት ልብሷን ጠቅልለው ለሰው ሰጡ። ሳጥኑን ስከፍት አንዲት ካልሲ እንኳ አጣሁ። ይሄ ሁሉ ለእኔ ተብሎ ነው!

አንጓች፦ እህል ትበዪ ነበር? ውሃ ትጠጪ ነበር? ግድግዳ ላይ አፍጥጠሽ ስትውዪ ያየሁሽ እኔ ነኝ። አጥሚት በማንኪያ ላጎርስሽ ስል ጥርስሽን ትነክሺብኝ ነበር። ሌላ ቀብር መጣብኝ ብዬ ስንት ጊዜ በላብ ተነከርኩ! ይህቺ ልጅ ስትወለድ ሳቅሽን አየሁት። እግዜር ማስረሻ ሰጣት አልኩ። ይኸው ነው ወንጀሌ።

ስመኝ፦ አውቃለሁ፣ እማማ። አጥሚቱን አልረሳሁትም። እርስዎ ባያጎርሱኝ ዛሬ አልነበርኩም። ግን ፀዳለንም አልረሳም። አልፈልግም። ልጄን ለምሳ በጠራሁ ቁጥር አንድ ሰው ጆሮዬ ላይ «እርሺ፣ እርሺ» ሲለኝ መኖር አልችልም።

አንጓች፦ ስም እኮ ነው። ማን ትርጉሙን እያሰበ ይጠራል?

ስመኝ፦ ልጅቱ አሰበችው።

አንጓች፦ የትኛዋ ልጅ?

ስመኝ፦ የእርስዎ ማስረሻ። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪያቸው «የስማችሁን ትርጉም ቤት ጠይቃችሁ ኑ» ብላቸው፣ ልጅቱ ልትጠይቀኝ መጣች። ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? «እማዬ፣ ምንሽን ነው ያስረሳሁሽ?»

አንጓች፦ ኧረ እኔን! ምን አልሻት?

ስመኝ፦ ምንም አላስረሳሽኝም አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሥራዋን ያልሠራች መስሏት።

አንጓች፦ ለውበቱ አልነገርሽውም?

ስመኝ፦ ነገርኩት። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ይከፋታል» አለ። እኔም ዝም አልኩ። አሁን ግን ዝም ማለት ሰለቸኝ። ይህቺ ልጅ የተወለደችው ልትጫወት፣ ልታጠፋ፣ ልትማር ነው። የእኔን ሐዘን ልትጠብቅልኝ አይደለም። ነፍስ ስታውቅ ቁጭ አድርጌ «እህት ነበረሽ» እላታለሁ። እስከዚያ ማሲ ናት።

አንጓች፦ ትንሽ ብትታገሺ ጊዜው ራሱ ያስረሳሽ ነበር። እኔ ስንቱን ቀብሬያለሁ፣ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ።

ስመኝ፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ስድስት ዓመት ሙሉ ማስረሻ ሲሏት ኖረዋል። ስልክ ሲደውሉ እንኳ የእኔን ደኅንነት ሳይጠይቁ «ማስረሻን አገናኚኝ» ነው የሚሉት። ስሙ ሠርቶልዎት ከሆነ፣ ፀዳለን ረስተዋት ከሆነ፣ አሁን ይንገሩኝ። ሰኞ አብረን እንሄድና አስተማሪዋን ከእርስዎ ቀድሜ «ማስረሻ በያት» እላታለሁ። ማሲ የሚለው ስም ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ማርያምን!

አንጓች፦ ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

ስመኝ፦ ረስተዋታል?

አንጓች፦ ልብስሽን እጠቢ።

ስመኝ፦ እማማ፣ ረስተዋታል ወይ?

አንጓች፦ ዛሬ ብትኖር ዐሥር ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። ከአራት ወር ከስድስት ቀን... ሂጂ ጥሪያት ያቺን ማሲሽን፣ ፀሐዩ ሳያቃጥላት ትግባ።