አራት ተማሪ፣ አንድ ውጤት

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጋሽ ዝምታን ባላገኛቸው ኖሮ፣ ለግቢው ክሊኒክ ያመጣሁትን መድኃኒት አስረክቤ ወደ መድኃኒት ቤቴ እመለስ ነበር። ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ የትያትር ትምህርት ክፍል በየት በኩል እንደሆነ ዘበኛውን ይጠይቁታል። አጠያየቃቸው መንገድ የጠፋው ሰው ሳይሆን የከሳሽ ነበር።

ጋሽ ዝምታ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፈተና በመቆጣጠር ነው። አዳራሽ ገብተው «ዝምታ!» ካሉ ዝንብ እንኳ ክንፏን ትሰበስብ ነበር፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። አንገት ዞር ሲል፣ ከንፈር ሲነቃነቅ፣ እግር የፊቱን ወንበር ሲነካ ያያሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊገዙ ሲመጡ፣ ወረፋ የያዙትን ደንበኞቼን ተራርቀው እንዲቆሙ ያዟቸዋል።

«ጋሼ፣ ምነው በደህና?» አልኳቸው።

«ምን ደህና አለ! ልጄን ላስወጣ ነው የመጣሁት።»

«ከየት?»

«ከኩረጃ!»

አብሬያቸው እየሄድኩ ነገሩን አወጣጣሁ። ሴት ልጃቸው እዚህ የትያትር ጥበብ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ያን ዕለት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር፣ ራሳቸው የጻፉትን ትያትር ለፈተና ያሳያሉ። ለአራቱም የሚሰጠው አንድ ውጤት ነው፤ አራቱም ያልፋሉ ወይም አራቱም ይወድቃሉ። ብቻውን መፈተን የሚፈልግ ካለ፣ መጋረጃው ሳይከፈት ለመምህርቷ መናገር ይችላል። ጋሽ ዝምታ ይህንን የሰሙት ገና ትናንት ነው። ልጃቸው ብቻዋን እንድትፈተን ሊያደርጉ፣ እምቢ ካለች ደግሞ ከዚህ ትምህርት አስወጥተው ሂሳብ አያያዝ ሊያስገቧት ምለው መጥተዋል።

«አንዷ ስታጠና ታድራለች፣ ሌላው ያንኮራፋል፤ ውጤቱ ግን እኩል!» አሉኝ ደረጃውን እየወጡ። «አንዱ ልጅማ በየልምምዱ እያረፈደ ስሙ 'እንቅልፋሙ' ሆኗል። ይሄ ትምህርት ነው ዘረፋ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው!»

«ጋሼ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ…»

«አንተ መድኃኒት ሻጭ ስለሆንክ ሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስልሃል!»

እኔ ምክር ከጀመርኩ አላቆምም፤ ባለቤቴ ትመስክር። «እሺ፣ ከሥራዬ ልንገርዎት» አልኩ። «ሐኪም ያዛል፣ እኔ አነባለሁ። በቀደም ለአንድ ሕፃን የታዘዘው መጠን በዛብኝና ስልክ ደወልኩ። ሐኪሙ ደክሞት ነበር፤ የአዋቂ መጠን ጽፏል። 'ሁሉም የራሱን ወረቀት ይመልከት' የሚለውን ሕግዎን ብከተል ኖሮ ያ ልጅ ምን ይሆን ነበር?»

ጋሽ ዝምታ ቆሙ። «ሐኪሙ ተቀጣ?»

«ኧረ አመስግኖኝ ስልኩን ዘጋ።»

«በል ይኸውልህ! ተሸፋፈናችሁ!»

ሳቄ መጣና ዋጥኩት። ጥያቄያቸው ግን የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። በጋራ ሥራ ውስጥ የሰነፍ ዕዳ በትጉህ ላይ ሲወድቅ ያላየ ማን አለ? ይህን የማይመልስ ሰው «ተባበሩ» ብሎ ቢሰብክ ጆሮ የሚሰጠው አያገኝም።

ከመድረኩ ጀርባ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ትኩስ ቀለም ቀለም ይሸታል። አንድ ልጅ ከጣውላ የተሠራ በር ላይ ማጠፊያ ይመታል። አንዲት ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ መብራት ታስተካክላለች። እንቅልፋሙ የተባለው ረጅም ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቃሉን ያነበንባል። የጋሽ ዝምታ ልጅ ፀጉሯን አስራ ከልብስ መቀየሪያው ስትወጣ ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች።

«አባዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሂጂና 'ብቻዬን እፈተናለሁ' በያት መምህርትሽን።»

መዶሻው ቆመ። መሰላል ላይ ያለችው ልጅ ወደ ታች አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አልልም» አለች ልጅቷ።

«ያ የሚያረፍደው ልጅ በአንቺ ላብ እንዲያልፍ?»

«ለምን ያረፍድ እንደነበር እናውቃለን።»

«ለምን?»

«እሱ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልነግርህም።»

«ይኸው! ከሥራው ምስጢሩ በዛ!»

«አባዬ፣ እኔ ከወጣሁ እነሱ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። ሦስቱም ይወድቃሉ።»

«እነሱ ያስቡበት! እኔ የወለድኩት አንቺን ነው።»

ወደ መሰላሉና ወደ በሩ እያመለከተች ቀጠለች። «አንተ መድረኩን እንደ ፈተና ወንበር ነው የምታየው። እሷ መብራቱን ካላበራችው እኔ የለሁም። እሱ በሩን ካልሠራው የምገባበት የለኝም። የምናገረውን የሚሰማ ሰው ፊቴ ከሌለ፣ የተናገርኩት ለግድግዳ ነው። ይሄ መረዳዳት ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ እሱ ነው።»

«ሰነፉስ? ሰነፉ በምን ይለያል?»

«ከትያትሩ በኋላ መምህርቷ እያንዳንዳችንን ስለ ሌላው ሥራ ትጠይቀናለች። እኔን ስለ መብራቱ፣ እሷን ስለ በሩ። አብሮ ያልሠራ ሰው እዚያ ላይ ምላሱ ይታሰራል።»

«ስለ ሌላው ሥራ!» አሉ ጋሽ ዝምታ። ዕድሜ ልካቸውን «የሌላውን አትይ» ሲሉ ለኖሩ ሰው ይህ ዱብ ዕዳ ነበር።

በዚህ መሃል መምህርቷ መጣች፤ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። «ልንጀምር ነው። ብቻውን የሚፈተን አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሦስቱ ልጆች ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። አንዳቸውም «አትውጪ» አላሏትም። ጋሽ ዝምታ በዚያ በፈተና አዳራሽ ዓይናቸው አፈጠጡባት። ልጅቷ አባቷን ስትፈራ የኖረች መሆኗን እኔ ጎረቤቷ አውቃለሁ።

«የለም» አለች።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ የዚህ ክፍል ተማሪ አይደለሽም» አሏት አባቷ። እንባዋን በክርኗ ጠርጋ ወደ መድረኩ ገባች። በዚያ ሁኔታ እንዴት አድርጋ ልትጫወት እንደምትችል አልገባኝም፤ በሰውየው ላይ ከልቤ ተናደድኩ።

መሄድ ሲገባቸው ግን አልሄዱም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን።

ትያትሩ የወንድምና የእህት ነው፤ ወንድምየውን እንቅልፋሙ፣ እህትየዋን የጋሽ ዝምታ ልጅ ይጫወታሉ። አባታቸው ሞቶ ወንድምየው ቤቱን ልሽጥ ይላል፣ እህትየዋ አይሸጥም ትላለች። ብዙም ሳይቆይ አጠገቤ አንድ ሰው ሲያነበንብ ሰማሁ። ጋሽ ዝምታ የልጃቸውን ቃል ከእሷ ቀድመው በከንፈራቸው ይሉታል። ቤታቸው ግድግዳው ስስ ነው፤ ስታጠና የሰነበተችውን እሳቸውም ሳይወዱ አጥንተውታል።

ከዚያ እህትየዋ የአባቷን የመጨረሻ ቃል የምትናገርበት ቦታ ደረሰ። ልጅቷ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ዝም አለች። አዳራሹም ዝም አለ። ጋሽ ዝምታ ወደ ፊት አጎነበሱ፣ የወንበሩን ጀርባ ጨበጡ። «'በሩን አትዝጉት' ብሎ ነበር… በይ እንጂ!» አሉ በሹክሹክታ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፤ ልክ ከአዳራሽ ሲያስወጡት እንደኖሩት ኮራጅ። ልጅቷ አልሰማችም። ላብ በግንባራቸው ላይ ሲወርድ አየሁ፤ የግፊት መድኃኒታቸውን ሳይውጡ መጥተው እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ።

ይህን ጊዜ እንቅልፋሙ ከተቀመጠበት ተነሣ። ብርጭቆ አንሥቶ ውኃ ቀዳና ሰጣት። «ጠጪ» አላት በቀስታ። «አባባ ሲሞት አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልነበርኩም። ስለዚህ አትቸኩይ፤ ስትችይ ንገሪኝ።»

ይህ ቃል በትያትሩ ውስጥ አልነበረም፤ ጋሽ ዝምታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው ያወቅሁት። መብራቱ ቀስ ብሎ ጠበበና በሁለቱ ላይ ብቻ ቀረ። ከጀርባ ያለው ልጅ ደግሞ በሩን በጣቱ ኳ፣ ኳ አደረገው። ልጅቷ ወደ በሩ ዞረች። ዓይኗ ሲበራ ታየኝ።

«'በሩን አትዝጉት' ብሎ ነበር» አለች።

ከኋላችን አንዲት እናት አለቀሱ። ዝምታው የታቀደ መስሏቸው ነው። ጋሽ ዝምታ ግን ትንፋሻቸውን ለቀው ወንበሩ ላይ ወደቁ።

ጭብጨባው አልቆ መምህርቷ ጥያቄ ልትጀምር ስትል፣ ጎረቤቴ ብድግ አሉ። ኮታቸውን ያዝኩ፤ አስለቀቁኝ።

«መምህርት፣ ይቅርታ። እነዚህ ልጆች ተረዳድተዋል። ልጄ ቃሏ ጠፍቷት ነበር፤ ያ ልጅ ትያትሩ ውስጥ የሌለ ቃል አምጥቶ አወጣት፣ ያቺም በመብራት፣ ያኛውም በበር። በዓይኔ አይቻለሁ።» ልጅቷ አመድ መሰለች። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «እኔም ከዚህ ሆኜ ላቀብላት ሞክሬያለሁ። ሐቁን ተናግሬ ልውጣ።»

«እኔም አይቻለሁ፣ አባት» አለች መምህርቷ። «እኛ የምንፈትነው እሱን ነው። ቃል ቤት ውስጥ ለብቻ ይጠናል። የወደቀን ሰው ማንሣት ግን ሰው በሌለበት አይጠናም።» ከዚያ ወደ እንቅልፋሙ ዞረች። «ቃሉ እንደጠፋት በምን አወቅህ?»

«ስትጨነቅ አውራ ጣቷን ትጨብጣለች» አለ። «ልምምድ ላይ ነው ያየሁት። ልምምዱን ከጠዋት ወደ ከሰዓት ያዞሩት ለእኔ ሲሉ ነው። እናቴ ታማ አልጋ ላይ ናት፤ ሌሊት ከአጠገቧ አልርቅም። መጀመሪያ ስላልነገርኳቸው ተኮራረፍን። ስነግራቸው ሰዓቱን ቀየሩልኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላረፈድኩም።»

አራቱም አለፉ።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ዝምታ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። ልጃቸው ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ራቅ ብላ ቆማለች።

«ብቻዬን ብሆን ዛሬ ወድቄ ነበር፣ አባዬ» አለች።

«ያስወደቅሁሽ እኔ ነበርኩ። ከመድረክ በፊት እንደዚያ ይባላል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ለያይቼ አስቀመጥኩ። ከአዳራሹ ወጥተው የሄዱት ግን ሆስፒታል፣ መሥሪያ ቤት፣ ግንባታ ነው። አንዱም ብቻውን የሚሠራበት አይደለም። ሰው ብቻውን ምን እንደሚያውቅ መፈተኑ ክፉ አይደለም፤ ትምህርት ማለት እሱ ብቻ ነው ማለቴ ነው ክፉው።» ከዚያም ልጃቸውን «ነገ ክፍልሽ ስንት ሰዓት ነው?» አሏት። እሷም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ትያትር ተጫዋች የማትሆነውም ልጅ ከዚህ ትምህርት ብዙ ታተርፋለች። የጓደኛዋን ችግር ከጣቱ ታነባለች። ባረፈደ ሰው ላይ ከመፍረዷ በፊት ትጠይቃለች። የራሷ ሥራ ካማረና የሌላው ከተበላሸ፣ ሁለቱም እንደተበላሹ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ሰው የጎደለው መሥሪያ ቤት እኔ ብዙ አይቻለሁ።

ጋሽ ዝምታ ግን የእኔን ስብከት አልጠበቁም። እንቅልፋሙን ጠርተው «ዛሬ እናትህን ማን ይጠብቃቸዋል?» አሉት።

«እኔ ነኛ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ እኔ እጠብቃቸዋለሁ። አንተ ተኛ።»

«ኧረ አይሆንም፣ ይደክምዎታል…»

«ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ሳያንቀላፉ መጠበቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ አምጣው!»

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መብራት የያዘችው ልጅ ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው አለች፤ በር የሠራውም ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ አለ። ጋሽ ዝምታ ኮፍያቸውን አደረጉና መንገድ ጀመሩ። ጥቂት ሄደው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትገተራለህ? ሴትየዋ የሚወስዱትን መድኃኒት አይቶ የሚያውቅ ካንተ ሌላ ማን አለ?»

ስመክር የዋልኩት እኔው ነኝ። ተከተልኳቸው።