ነቀዝ ቆጣሪዋ እናት

ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንዷ ዶሮ ታቅፋለች።

«ለገበያ ናት፣ እህቴ?»

«ለልጄ አስተማሪ ነው የምወስዳት። ልጄ ማሽላን ከነቀዝ የሚጠብቅ ቅጠል አጥንታ በምርምር ውድድር አንደኛ ወጣች።»

«ማሻአላህ! እሱ ነው ያገዛት?»

«ዓመቱን ሙሉ። እኔማ ከትምህርት በኋላ ለምን ታስቀራታለህ ብዬ ተቆጥቼው ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«‹እናቴ፣ እርስዎም መጥተው ያግዙን› አለኝ። ሄጄ የሞተውን ነቀዝ ስቆጥርላቸው ከረምኩ።»

«አንቺም ተመራማሪ ሆንሽ በይኛ!»

«ጽሑፉ ላይ ስሜን አስገብተውታል።»

«አነበብሽው?»

«ማንበብ የት አውቄ! ልጄ ጣቴን ይዛ ስሜ ላይ አሳረፈችው።»

የምወርድበት ቦታ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩ።