ሥራ የተከለከለች እንግዳ

ቅዳሜ ጠዋት ሎግያ ገበያ፣ ሥጋ ቤት በር ላይ እትዬ ኑርሀያትን አገኘኋቸው። ከልጃቸው ከፋሪሃ ጋር ይከራከራሉ። እትዬ ከወሎ መጥተው ሰመራ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔ የአዳሪ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን ወደ ፈቃደኛ ቤተሰቦች ይልካል፤ የእጅ ሥራ ሠርተው፣ አብረው ምሳ በልተው ይመለሳሉ። ለእትዬ የደረሰቻቸው ከአዳይቱ ገጠር የመጣችው የዘጠነኛ ክፍሏ ኑራ ናት።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱን» አሉኝ። «ሁለት ቅዳሜ ጥብስ ሠርቼ፣ ፍራሽ ላይ አስቀምጬ፣ ትሪውን ለብቻዋ አቀረብኩላት። አንድ ጉርሻ እንኳ በቅጡ አልበላችም። ይቺ ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ነው ትለኛለች።»

«እማ፣ ልጅቷ ሰሌን ልትሠራ የዘንባባ ቅጠል ይዛ መጣች፤ አንቺ ከእጇ ተቀብለሽ ጓዳ ከተትሽው» አለች ፋሪሃ።

«እንግዳ ላሠራ? የሰው ልጅ አምጥታ ጉልበት ትበዘብዛለች ይበሉኝ? አደራ እኮ ናት፤ አላህ ይጠይቀኛል።»

ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ላስተምር ብሎ ልጅ ወስዶ ሠራተኛ የሚያደርግ በየከተማው ሞልቷል። ግን ደግነታቸው ራሱ ልጅቷን እያባረራት ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ማዘዝና ማሳተፍ ይለያያሉ» አልኳቸው። «እርስዎ መጀመሪያ እዚህ ሲመጡ ማን ቤት አረፉ?»

«አክስቴ ቤት።»

«እንግድነቱ የለቀቀዎት መቼ ነው?»

ጥቂት አሰቡ። «ነይ ሽንኩርት ክተፊ ያለችኝ ቀን» አሉ ቀስ ብለው። «እስከዚያ በየቀኑ ልመለስ ነበር የማስበው።»

«ኑራም ሐሙስ ልብሷን ሸክፋ ቤቴ እሄዳለሁ ብላናለች። እስከ ዛሬ ለምነን ነው ያቆየናት። ማርም ሲበዛ ይመራል፣ እትዬ።»

ደነገጡ። «በኔ ምክንያት ትምህርቷን ልትተው?»

«በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ናፍቆት ነው። መድኃኒቱ ግን የእርስዎ ቤት ነበር።»

ፋሪሃ ክርክሩን ስለረታች ልትስቅ ቃጥታ ነበር፤ የእናቷን ፊት አይታ ተወችው።

እኩለ ቀን ላይ እኔም ተጠርቼ እትዬ ቤት ሄድኩ። እትዬ ቅጠሉን ውኃ ነክረው አለስልሰው፣ ከኑራ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሚዛን ለለመደ እጃቸው ቅጠሉ አልታዘዝ አለ፤ የጎነጎኑት ሁሉ ላላ። ኑራ ለረጅም ጊዜ ታግሣ ተመለከተች።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «ፍቺውና እንደገና ጀምሪ።»

ወዲያው ትልቅ ሰው አንቺ ብላ ማዘዟ ታውቋት አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ግን አንገታቸውን ደፍተው ፈቱት፤ «እንዲህ ነው?» እያሉም ጠየቋት። ኑራ እጃቸውን ይዛ አሳየቻቸው። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ምሳው ሲቀርብ ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ኑራም ከፋሪሃ ጋር እየተሻማች በላች።

ተማሪ በቤቱ የሚቀበል ሰው ይህን ይወቅ፦ ልጅ በጥጋብ ብቻ አትለምድም። የምታውቀውን ሥራ ስትጠየቅ ትከበራለች፤ ስትከበር ትበላለች፤ የሚጠብቃት ቤት ያላት ልጅ ትምህርቷን ትችላለች። ባለቤቱም ባዶ እጁን አይቀርም፤ እትዬ ዛሬ የሚሰግዱበትን ሰሌን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው።

ያን ቀን ኑራን ወደ ትምህርት ቤት ልመልሳት ስንወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ እትዬን ጠየቀቻቸው።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ቅጠሉን እኔ ላምጣ ወይስ አንቺ ትገዣለሽ?»