«ስፖርቱ ምን ጠቀማቸው?» ለምትሉ፦ የጋሽ ቁጭ ብድግ ሕይወት

ክቡራን ሐዘንተኞች፤ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ የተመረጥኩት የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም በመሆኔ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት በአማችነት አውቃቸዋለሁ፤ ያየሁትን እናገራለሁ፣ የቆጠርኩትንም እንደቆጠርኩት አቀርባለሁ።

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ብዙዎቻችሁ ጋሽ ቁጭ ብድግ የምትሏቸው አሰልጣኝ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው በአርባ አንድ ዓመታቸው የበር መቃን እያቆሙ ሳለ ደረታቸውን ይዘው ወድቀው ሲሞቱ፣ እሳቸው ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ይህን አርባ አንድ የሚል ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እናታቸው በአንድ የስፌት መኪና ሦስቱንም ወንዶች ልጆች አስተማሩ። እሳቸው ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ በኋላ ለሁለት ዓመት በስፖርት መምህርነት ሠልጥነው፣ አራት ዓመት ካስተማሩ በኋላ በሃያ ስድስት ዓመታቸው በአንድ ጂም አሰልጣኝነት ተቀጠሩ።

በዓመቱ የሠሩትን ስሕተት ራሳቸው ለሠልጣኝ ሁሉ ይናገሩት ስለነበር፣ ብናገረው አይቀየሙኝም። ከውጭ በመጣ የስፖርት መጽሔት ላይ፣ ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ መሥራት በስድስት ሳምንት ውስጥ የእግርን ጉልበት በእጅጉ እንደሚያጠነክር የሚገልጽ ጥናት አነበቡ። ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ በማግሥቱ ጂም የገባውን ሁሉ፣ ወጣት አዛውንት ሳይሉ ያንኑ አሠሩት። ከሠልጣኞቹ አንዷ የሃምሳ ሁለት ዓመት የሂሳብ መምህርት ነበሩ፤ በአሥረኛው ቀን ጉልበታቸው አብጦ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ወጣቱ አሰልጣኝ ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታቸው ሲሄዱ፣ መምህርቷ በረዶ የታሰረበትን እግራቸውን ወንበር ላይ እንደሰቀሉ፣ «ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ያ ያነበብከው ነገር ውስጥ እኔን የመሰለች ሴት ነበረችበት?» አሏቸው።

ወጣቱ አሰልጣኝ መጽሔቱን ይዘው ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሲታገሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ የነበረች የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ አይታ ሳቀችባቸው፤ እኅቴ ነበረች። ሰንጠረዡን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ «ስንቱ ጀመረ? ስንቱ ጨረሰ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ለካ የጀመሩት አሥራ ዘጠኝ ወጣት ወንዶች ሆነው፣ ሰባቱ ሕመም ስለጠናባቸው አቋርጠዋል፤ የተመሰገነው ውጤት የቀሩት የአሥራ ሁለቱ ብቻ ነው። አሰልጣኙ ያነበቡት የመጨረሻዋን አንቀጽ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጽፉ ነበር፤ በማን ላይ ተጠና፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ከፊቴ የቆመውን ሰው ይመስላል ወይ። ደብተሮቹ መቶ አሥራ ስምንት ናቸው፤ ትናንት ቆጥሬያቸዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከእኅቴ ጋር ተጋቡ። እኔ መጀመሪያ ላይ «ለመሆኑ ምን አለው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ሲሳሳት ያምናል» አለችኝ፤ ይህ ስንት እንደሚያወጣ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሠራራቸው ቀላል ነበር። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ ወንበር ያቀርቡለትና በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቁጭ ብድግ እንደሚል ቆጥረው ይመዘግባሉ፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና ስድስት ሳምንት ጠብቀው እንደገና ይቆጥራሉ፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከለወጥን የትኛው እንደጠቀመ በምን እናውቃለን ይሉ ነበር። ጀርባውን የሚያመው አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ቢመጣ፣ ጥናቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አርባ አምስት ደቂቃ እንደሚል ነገሩት። «ጋሼ፣ እኔ አርባ አምስት ደቂቃ ካገኘሁ እተኛበታለሁ» አላቸው። «እንግዲያው የተጠናው እንቅልፍ በጠገቡ ሰዎች ላይ ነው» ብለው ሳቁና፣ በየመጨረሻው ፌርማታ አሥር አሥር ደቂቃ አውቶቡሱን እየዞረ እንዲራመድ አደረጉት። የሐኪም መድኃኒት አስቁመው አያውቁም፤ «ክኒኑ የሐኪማችሁ ነው፤ እኔ የምፈልገው እግራችሁን ነው» የዘወትር ቃላቸው ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ታላቅ ወንድማቸው በአርባ አራት፣ ተከታዩ በአርባ ስድስት ዓመታቸው እንደ አባታቸው በልብ ሕመም አረፉ። እሳቸውም ተመርምረው ሕመሙ በእሳቸውም ላይ እንዳለ ተነገራቸው። አልደበቁትም።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ጂሙን የገዛው አዲስ ባለቤት፣ «በጥናት የተረጋገጠ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ጡንቻ ያዳብራል የሚባል ዱቄት አምጥቶ ፎቶግራፋቸውን ማሸጊያው ላይ ልለጥፍ አላቸው። ጥናቱን አምጣ አሉት። ሁለት ሳምንት ካንገራገረ በኋላ ሲያመጣው፣ የተጠናው በአሥር አይጦች ላይ ነበር። «ልጄ፣ ጂሙ ውስጥ አይጥ ካለ አስወጣው እንጂ አታሠልጥነው» አሉት። በዚህች ቃል ሃያ አራት ዓመት ያገለገሉበትን ቤት፣ ዕቃቸውን በአንድ ካርቶን ይዘው ለቀቁ። ያ ሰው ዛሬ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ የአበባ ጉንጉን ልኮ «ለሳይንሳዊው አሰልጣኛችን» ብሎ ጽፎበታል። ከበሩ ውጭ እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ቅር ያለው ካለ እኔን ይቀየም።

ከዚያ በኋላ የቀድሞ የዕቃ መጋዘን ተከራይተው አሥራ ስድስት ዓመት በራሳቸው ሠሩ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሐኪሞቻቸው የፈቀዱላቸውን አሥራ አራት የልብ ሕሙማን ያሠለጥኑ ነበር። እሳቸው ራሳቸው በስልሳ ዓመታቸው የልባቸው ደም ሥር ጠቦ ታክመው፣ ሐኪማቸው ሲፈቅድላቸው ወደ ሥራ ተመለሱ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር እያሰሩ ሳለ፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ቁጥር ልመለስ። ከማክሰኞ እስከ ዛሬ፣ በደረጃው፣ በኮሪደሩና እዚሁ በወንበሮቹ መካከል፣ «ታዲያ ስፖርቱ ምን ጠቀማቸው?» ሲባል አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ። መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አርባ አንድ፣ አርባ አራት፣ አርባ ስድስት፣ እሳቸው ግን ስልሳ ስድስት። ትናንት ለእኅቴ ባነብላት ከለቅሶዋ ቀና ብላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይኼን ሰርዘው። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም ይልህ ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። ነገር ግን ሃያ ዓመት መጨመራቸው ማስረጃ ካልሆነ፣ መሞታቸውም ማስረጃ አይሆንም። እኔን ያንገበገበኝ ደግሞ ወሬው ብቻ አይደለም፤ ከአሥራ አራቱ ሕሙማን ስድስቱ ይህንኑ ሰምተው ከእንግዲህ አንመጣም ብለዋል። አንድ ሰው ስለሞተ፣ እናንተ ስድስት ሰው ከመንገዱ ታስቀራላችሁ? እሳቸው አርባ ዓመት አንዲት ቃል ከመናገራቸው በፊት በማን ላይ ተጠና ብለው ሲጠይቁ ኖረው፣ እናንተ በሬሳቸው ፊት ሳትጠይቁ ትፈርዳላችሁ? ያቺ የሂሳብ መምህርት ዛሬ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም አንድ ሰው ናቸውና ማስረጃ አላደርጋቸውም፤ ግን የዚህን አዳራሽ ሃያ ሁለት ደረጃ ማንም ሳይደግፋቸው ሲወጡ ቆሜ ቆጥሬያለሁ።

የቀሩት ባለቤታቸው፣ ስምንት ዓመት አብራቸው የሠራች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጃቸው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወንድ ልጃቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና አሥራ አራቱ ሕሙማናቸው ናቸው። አሥራ አራት ያልኩት አውቄ ነው። በመጨረሻው ደብተር ላይ፣ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሰኞ፣ የእያንዳንዱን ሰው ቁጥር መዝግበው ሲጨርሱ ከታች የጻፉት «ያቋረጠ የለም» የሚል ነው።

ፈጣሪ ሲደክሙበት ከኖሩት ሥራ ያሳርፋቸው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎች አጠገብ ያኑርልን፤ እኅቴንና ልጆቿንም ያጽናልን። የፊታችን ሰኞ ልጃቸው በሩን በተለመደው ሰዓት ትከፍተዋለች፤ ደብተሩንም እሷ ትይዛለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን እቆጥራለሁ።