የዕድራችን ላፕቶፕ

ሰው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ሚዛን ይመዝናል። ይህን የምለው ተምሬ አይደለም፤ ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። ጎረቤቴ ጋሽ ፈቀደ ላፕቶፕ ሲመዝኑ ስላየሁ ነው።

ጋሽ ፈቀደ ፒያሳ ላይ አርባ ዓመት ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። እኔ ጸሐፊው ነኝ። ጽሕፈቴን ከእኔ በቀር የሚያነብ ስለሌለ ከሹመቴ ሊያወርደኝ የደፈረ የለም።

በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ውቤ በረሃ ሊነሣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። መቶ አርባ ቤተሰብ ከከተማው ዳር ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሊበተን ነው። መዝገባችን ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ “ከጠጅ ቤቱ ጀርባ”፣ “ከወፍጮው አለፍ ብሎ” የሚል ነው። ጠጅ ቤቱም ወፍጮውም ሲፈርሱ ሰውየውን የት እናገኘዋለን? ጡሩንባ ነፊያችንስ ውቤ በረሃ ላይ ቆሞ ቢነፋ ማን ሊሰማው? ስለዚህ በየቤቱ እየዞርን ስልክ፣ አዲስ አድራሻና የቅርብ ዘመድ የምንመዘግብበት ላፕቶፕ እንዲገዛ ተወሰነ። ገዢዎቹ ጋሽ ፈቀደና እኔ ሆንን።

ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብላ ባለች ሱቅ ውስጥ ጋሽ ፈቀደ አንድ ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ በቀኝ፣ አንዲት ቀጭን በግራ እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወርቅ ሲገምቱ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

“ይኼ ነው!” አሉ ጥቁሩን ከፍ አድርገው። “ያቺኛዋ ትሪ ናት። የማይከብድ ነገር ውስጡ ባዶ ነው።”

በዚህ መካከል የጎረቤታችን ልጅ ኑሰይባ ፍላሽ ልትገዛ ገባች። አራት ኪሎ ኮምፒውተር ተምራ አምና ነው የተመረቀችው። ያገናኘን አጋጣሚ ነው፤ ያዳነንም እሱው ነው።

“ጋሽ ፈቀደ፣ ደኅና ዋሉ? ምን ሊገዙ ነው?”

“ደግ መጣሽ ልጄ! እስቲ ይኼን ስሚው” አሉና ባለሱቁን ኡመርን ጥቁሩን አስከፈቱት። ማራገቢያው እንደ ጭነት መኪና አጓራ። “ሰማሽ? ጉልበት ማለት ይኼ ነው።”

“ጉልበት ሳይሆን ትኩሳት ነው ጋሼ። ዳገት ወጥቶ የሚያለከልክ ሰው ቢያዩ ‘ጎበዝ ነው’ ይሉታል?”

“እኔን መሆኑ ነው?”

“ኧረ በጭራሽ! እርስዎማ አራዳ ነዎት፤ ዳገቱን በታክሲ ነው የሚወጡት።”

ኡመር ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። እኔም ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

“ይስሙኝ ጋሼ” አለች ኑሰይባ ረጋ ብላ። “የኮምፒውተሩ አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል። የጥቁሩ አንጎል ሥራ ሲበዛበት አርባ አምስት ዋት መብራትና ከዚያም በላይ ይበላል። የቀጭኗ ግን አሥራ አምስት ቢሆን ነው። ባትሪ ማለት እንስራ ነው ይበሉ። አንዱ ከእንስራው በባልዲ ይቀዳል፣ አንዷ በኩባያ። ቧንቧው ሲዘጋ ማን ይቆያል?”

“ያልበላ በሬ አያርስም ልጄ።”

“የምናርሰው ምንድን ነው? ፊልም የምንሠራ ወይም ሕንፃ የምንነድፍ ብንሆን እኔው ራሴ ጥቁሩን ይግዙ እልዎት ነበር። እኛ የምንጽፈው ስም ነው። ደግሞስ ጋሼ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የወርቅ ክር ሲበይዱ ወናፉን ባለ በሌለ ኃይልዎ ይነፉታል?”

“አብጃለሁ እንዴ? ውሃ ይሆናል እኮ!”

“ታዲያ እሳቱን የሚያሳንሱት አቅም አንሶዎት ነው?”

ጋሽ ፈቀደ የጥቁሩን ክዳን ዘጉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ “ወርቅ ሌላ፣ ይኼ ሌላ” አሉ። “ይኼ የሰው አደራ ነው። ‘ፈቀደ በዕድሩ ገንዘብ ትሪ ገዛ’ ተብዬ ከሰፈሬ መውጣት አልፈልግም።”

እውነተኛው ፍርሃታቸው ይኸው ነበር። ብዙ ጊዜ አዲስ ነገር የምንጠላው ስለማናውቀው ሳይሆን፣ ብንሳሳት የሚስቅብንን ሰው ስለምናውቀው ነው።

ኑሰይባም ነገሩ ስለገባት መቀለዷን ተወች። “አደራ ከሆነማ እንፈትናቸው። ሁለቱም ባትሪያቸው ይሙላና ነገ ታች ሰፈር ይዘናቸው እንውረድ። እዚያ የመብራት ቆጣሪው ከተነሣ ሳምንት ሆኖታል።” መታወቂያዋን ለኡመር በመያዣነት ሰጠችው፤ እሱም ተስማማ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ጥቁሩን የተሸከምኩት እኔ ስለሆንኩ ክብደቱን ከጋሽ ፈቀደ ይልቅ ትከሻዬ ያውቀዋል። ኑሰይባ በጥቁሩ ትጽፋለች፣ እኔ ያንኑ በቀጭኗ ላይ በሁለት ጣት እለቅማለሁ። አምስተኛው ቤት እማማ ዐፊፋ ዘንድ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነበር።

እማማ ዐፊፋ ከወሎ መጥተው ሃምሳ ዓመት እዚያች ክፍል የኖሩ መበለት ናቸው። ዕቃቸው በሁለት ማዳበሪያ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል።

“እማማ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎና፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን እንንገርልዎ?” አለች ኑሰይባ።

አሮጊቷ ብዙ አሰቡ። “ልጅ አልሰጠኝም። ወንድሜ ኢስማኤልም ሞቷል... ልጁ ሁዳ አለች፣ አዳማ።” ከማዳበሪያው ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ፈልገው አወጡና ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠሩልን። አራት ቁጥር ሲቀር ጥቁሩ ላፕቶፕ ማጓራቱን አቁሞ ድርግም አለ።

እማማ ዐፊፋ የጨለመውን መስታወት አዩ። “ጠፋ? እኔም አብሬ ጠፋሁ?”

ጋሽ ፈቀደ ከዚያ ቤት መውጫ ቢያገኙ በወጡ ነበር። ላባቸውን ጠረጉ። እኔ ቀጭኗን ወደ አሮጊቷ አዞርኩ። ስማቸው፣ የወንድማቸው ስም፣ ሁዳ የሚለውም ሁሉም አለ። ከባትሪው ሰባ በመቶው አልተነካም።

“አልጠፉም እማማ፤ ይኸው እዚህ ነዎት” አልኳቸው። “የቀረውን ይጥሩልኝ።”

ጋሽ ፈቀደ ውጭ ስንወጣ ነው የተናገሩት። “ኑሰይባ፣ ሚዛኔ ልክ ነው። የተሳሳተው እላዩ ላይ ያስቀመጥኩት ነገር ነው። ቀጭኗን እንግዛ። የሚስቅ ካለ በእኔ ይሳቅ።”

መቶ አርባውን ቤት በአሥራ አንድ ቀን ጨረስን። በቀን አንዴ ዳቦ ቤት ቻርጅ እናደርጋታለን፤ እስከ ማምሻው ትውላለች። ማራገቢያ የላትምና የፍርስራሹ አቧራ በነፋስ አልገባባትም፤ የእኔም ትከሻ አረፈ። በመጨረሻው ጉባኤ ጋሽ ፈቀደ ተነሥተው “ወገኖቼ፣ ዕቃ ስትገዙ ‘ምን ያህል ይችላል?’ ብቻ አትበሉ። ‘ለሥራዬ ምን ያህል ይበቃኛል? ከየትስ ይበላል?’ በሉ። መብራት በሚጠፋበት አገር ትንሽ የሚበላ ነው ብዙ የሚያገለግለው” ብለው አስተማሩ። ከኑሰይባ መማራቸውን አልደበቁም። ይህን ከሁሉ አብልጬ አከበርኩላቸው።

በአራተኛው ወር አንድ ሐሙስ ማለዳ እማማ ዐፊፋ ኮልፌ ባለው አዲሱ ቤታቸው ዐረፉ። በእስልምና ቀብር አይቆይም፤ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት መድረስ ነበረበት። ጋሽ ፈቀደ የሚኖሩበት ሕንፃ ከዋዜማው ጀምሮ መብራት አልነበረውም። ላፕቶፗን ጉልበታቸው ላይ ከፍተው፣ ቁጥሩን ከመዝገቡ እያነበቡ ከላይ እስከ ታች ደወሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከአራቱም የከተማው ማዕዘን በታክሲና በአውቶቡስ ኮልፌ ተሰበሰበ። ከመቶ አርባው ቤት የመቶ ስድስቱን ሰው ቆጠርኩ።

ጀናዛው ከቤት ከመነሣቱ በፊት ሁዳ ከአዳማ ደረሰች።