ጠበቃን ማን ይዳኘው?

አንጋፋው ጠበቃ ጥቁር ካባቸውን በክንዳቸው ጣል አድርገው የፍርድ ቤቱን ደረጃ ሲወርዱ፣ ወረቀት ታቅፋ ከምትወጣው የእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሷም ጠበቃ ናት፤ ሙያውን ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ የጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ጉባኤ ሊዳኛት ቀጥሯታል፤ ሰብሳቢውም እሳቸው ናቸው። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው። አንድ አናጢ፣ ጠበቃው የይግባኙን ቀን አሳልፎበት የሥራ ቤቱን ሲነጠቅ፣ ያንን ጠበቃ በስሙ ጠርታ ከሰሰችው። በዚያ ማኅበር ደግሞ ጠበቃ ጠበቃን አይከስም። ይህን ወግ ያወጣው የትኛው ጻድቅ እንደሆነ እንጃ።

«ልጄ፣ ሁለት መስመር ይቅርታ ጻፊልኝ» አሉ ወደ ጥግ ወስደዋት። «አለዚያ ፈቃድሽ ይታገዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

«አልጽፍም፣ ጋሼ።»

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። እኛው እርስ በርሳችን እንተራረማለን።»

«እኛማ እከክልኝ ልከክልህ ነው የያዝነው። ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ፤ አናጢው መጀመሪያ ለእርስዎ አቤት ብሎ አልነበረም?»

«ብሏል። ፋይሉን ስላላቀረበ መዝገቡን ዘጋሁት። ደንቡ ነው።»

«ፋይሉ የት ነው ያለው?»

አንጋፋው መልሱን ያውቁታል። ፋይሉ የተቆለፈው በዚያው በተከሰሰው ጠበቃ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያን ደንብ ደግሞ፣ ሐሜት እንዳይበዛ ብለው፣ በወጣትነታቸው ያረቀቁት ራሳቸው ናቸው።

«አናጢው ሰባት ጊዜ ለመነው፤ ሰባት ጊዜ ነገ ና ተባለ» አለች። «ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል እንዴ፣ ጋሼ?»

«አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ። በእኔ ሰብሳቢነት አንድ ጠበቃ እንኳ ተቀጥቶ አያውቅም። ክብራችን ይኸው ነው።»

«ያልተቀጣው አጥፊ ስለጠፋ ነው?»

ስንቱን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ላብ በላብ ያደረጉ ሰው አሁን አንገታቸውን ጠረጉ። አናጢው የቢሯቸው በር ላይ ቆሞ «ፋይሌን ማን ያስመልስልኝ?» ሲላቸው «ደንቡን አንብብ» ያሉት ትዝ አላቸው። አፈሩ። ማፈርስ ደግ ነው፤ ሰውን የሚያጠፋው ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለቱ ነው።

«እና ምን ይደረግ ነው የምትዪው?»

«ፋይሉን ጉባኤው ራሱ ያስመጣ። ውሳኔው ለሕዝብ ይለጠፍ። ወንበሩ ላይም ጠበቃ ያልሆነ ሰው ይቀመጥ፤ አስተማሪ ይሁን፣ ነርስ ይሁን፣ አናጢም ይሁን።»

«አናጢ ሕግ ምን ያውቃል?»

«ቀጠሮ ማክበር ያውቃል። የተማረው ነው ያሳለፈው።»

ከሰዓት በኋላ አምስት ጠበቆች ጠረጴዛውን ከበው ሲጠብቁ፣ አንጋፋው የሰብሳቢውን ወንበር አልፈው ከእህታቸው ልጅ ጎን ቆሙ።

«እሷን ከመዳኘታችሁ በፊት እኔን ዳኙ። የአናጢውን መዝገብ ያላግባብ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ማኅበራችንን ሊያፈርሱት ነው?» አለ አንዱ ደንግጦ።

«ሰው ያላመነው ማኅበር ድሮም ፈርሷል። አጥፊው በአደባባይ ሲቀጣ ንጹሑ ጠበቃ ይከበራል፤ ባለጉዳይም ሚስጥሩን ሳይፈራ ይሰጠናል። ከእንግዲህ ባዕድ ሰው ይዳኘን፤ እኔም ልጀምርላችሁ።»

ያን ቀን የልጅቷን ፈቃድ ለማገድ የደፈረ አልነበረም። የጉባኤው ጸሐፊ ብዕሩን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ። አንጋፋው ጎንበስ ብለው ባዶውን ገጽ በጣታቸው ነኩለት።

«ጻፍ እንጂ» አሉት፤ «አንደኛ ተከሳሽ፣ ሰብሳቢው።»