ስሜ የተንጠለጠለበት የቡና አልጋ

እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎ ዛሬስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ልጅቷም ደህና ናት፤ ጥርስ ልታወጣ ነው መሰለኝ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ትናንት የአባቷን ጆሮ ነክሳ አስጮኸችው። ነካሽነቱን ከማን እንደወረሰችው እንጃ... በእኔ በኩል እንኳ ነካሽ የለም።

እስቲ ጠጋ ይበሉልኝ፣ እርስዎ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና አብረን እናገላብጥ። እኔ ዛሬ እጄ ሥራ ፈቷል። አልሰሙም? ጠዋት ተቆጣጣሪው መጥቶ ከሰባተኛው አልጋ አንድ እፍኝ ቡና ዘገነና አሸተተ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ሻግቷል። አልጋው ላይ የተንጠለጠለውን የሠራተኛ ካርድ ቢያነብ የእኔ ስም። «ከምሳ በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ፤ ያንቺ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ዳገት ወጥተሽ ለቀማ ነው» አለኝ። ለቀማ ደግሞ ሕፃን ይዞ መውጣት አይፈቀድም። የስድስት ወር ልጄን ለማን ትቻት እንደምወጣ... እሱን አልጠየቀኝም።

አይ፣ ማንንም አልከስም። ምን በወጣኝ። ብናገርስ? ባሌ «በእናቴ ልጅ ላይ» ብሎ ሊያኮርፈኝ አይደል? እኔ ደግሞ የማነበው ስሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ፊደሎቹን በጣቴ እየቆጠርኩ። ካርዱን የጻፈችልኝ ሰው ግን እጇ ይባረክ። የተማረች ናት። የባሌ ቤት ሲወልድ እኮ አንዱን ለጉልበት፣ አንዷን ለብልጠት ነው፤ ለእኔ ጉልበቱ ደረሰኝ። ስሜ እንዲያ አምሮ ተጽፎ አያውቅም። ትናንት ወደ ቤት ስሄድ ስምንተኛው አልጋ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ሰባተኛው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ስም እግር አለው እንዴ እትዬ? እርስዎ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፣ ይንገሩኝ እንጂ።

ስምንተኛው ላይማ አሁን የእሷ ስም ነው ያለው። ቡናው ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ ሲያገላብጡት ይንኳኳል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያገላበጥኩት... ያገላበጠችው ማለቴ ነው። ምላሴን ዛሬ ያዳልጠዋል።

ሰባተኛው ለምን ሻገተ ይሉኛል። የዚያን ዕለት ዘነበ አይደል? ሁላችንም ሮጠን የየራሳችንን አልጋ ላስቲክ አለበስነው። ሲያባራ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሁላችንም ገለጥነው። አንድ ሰው ብቻ ፀሐይ ፊቷን እንዳያበላሽባት ከሚዛን ቤቱ ጥላ አልወጣችም። ሁለት ቀን ሙሉ። ሚዛን እየተማረች ይሆናላ፤ የሚማር ሰው አይረበሽም። ሚዛን ያዡም ጎበዝ አስተማሪ ነው አሉ፣ ምንም ሳይመዝን ያስተምራል። ቡናው ታዲያ ላስቲኩ ውስጥ ሲያልበው ዋለ፣ ሲያልበው አደረ። እኔ ራሴ እንደዚያ ተሸፋፍኜ ብተኛ አልሸትም?

ተዉ፣ ወደዚያ አይዩ። ሰው ሲታይ ይደነግጣል። ሁለት አልጋ አልፋ ነው ያለችው፤ ትሰማናለች ብለው ነው? ብትሰማስ። እያመሰገንኳት አይደል?

አሳቢ መሆኗንስ ማን ይክዳል... ብቻ ከላይ ከላይ ነው የምታስበው። ካርድ ከላይ ይንጠለጠላል፣ እሱን አሰበችበት። አልጋ ግን ሥርም አለው። ልጄ የምትተኛበት ጨርቅ ስምንተኛው አልጋ ሥር ነው የታሰረው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ተቆጣጣሪው ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ይነካና «ይህችን ሠራተኛ ማን ቀጠራት?» ይላል። ዛሬም ከምሳ ሲመለስ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ልጅቷም እዚያው ተኝታለች። እኔ እንደሆነ አንድ ቃል አልተነፍስም። የስድስት ወር ልጅ ደግሞ ምን ብላ ትመሰክራለች...

እህ፣ ተነሳች። ወዴት ይሆን? ወደ ስምንተኛው ነው። ካርዱን ፈታችው... ወደ ሰባተኛው ይዛው ሄደች። አይጥሯት እትዬ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠራም። ስንት ቀን ጠብቀን ዛሬ ገና ስትሠራ አየናት። እንዴት እንደምትጣደፍ አዩ? ፀሐዩ ፊቷን እንዳያበላሽባት ይሆናል። ይኸው፣ የእኔን ወስዳ ስምንተኛው ላይ መለሰችው። ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጊው ይበሉልኝ፣ ነፋስ እንዳይወስደው። አሁን ስሜ ከልጄ ራስ በላይ ነው። ተቆጣጣሪውም በሩ ጋ ደርሷል።

እኔ ቂም አላውቅም። ከልቤ ነው የምመርቃት፤ እርስዎም አሜን ይበሉ፣ እሷ እንድትሰማው አድርገው። ጥሩ ባል ይስጣት። ቆንጆ ልጅ ይስጣት። ለልጇም... ልክ እሷን የመሰለች አክስት ይስጣት።